የፎርትራን ኮምፓይለር በሌለበት ማሽን ላይ ሲሜክ እንዴት ይሠራል? የአንድ ተጠቃሚ ግምገማ

ሲሜክ ፕሮግራምን ከምንጭ ኮዱ ለመገንባት የሚያዘጋጅ መሣሪያ (ቢልድ ሲስተም) ነው፤ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠውን ኮምፓይለርም ፈልጎ ያገኛል። ስለ እሱ የሚጻፉ ግምገማዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ትዕዛዞቹ የሚጻፉበትን ቋንቋ ሸካራነት ነው። ሸካራ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ይለመዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ፕሮጀክቱ ካገኘው የሚጠቀምበት፣ ካጣው ደግሞ ያለሱ መኖር የሚችል ኮምፓይለር ማሽኑ ላይ ከሌለ ይህ መሣሪያ ምን ያደርጋል? ይቆማል? ይናገራል? ወይስ ዝም ብሎ ያልፋል? እዚህ የምመዝነው በዚህ ጥያቄ ብቻ ነው። ለጠቅላላ ሥራው ከአምስት አራት ብሰጠው አላፍርም፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ከሦስት አላልፍም።

ጉዳዩ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልናገር። የምንከባከበው ላይብረሪ መስመራዊ እኩልታዎችን የሚፈታ ነው። አብዛኛው ኮድ ሲ ፕላስ ፕላስ ሲሆን አንዱ ክፍል ግን ለሳይንሳዊ ስሌት በሚያገለግለው የቆየ ቋንቋ በፎርትራን የተጻፈ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩ ሰዎች የጻፉት፣ በደንብ የተፈተነ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ ከተጻፈው ምትኩም የሚፈጥን ነው። የፎርትራን ኮምፓይለር ካለ ያ ክፍል ይገባል፤ ከሌለ ምትኩ ተተክቶ ይሠራል፣ የሚያወጣውም መልስ ያው ነው። ተጠቃሚዎቼ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ናቸው። የሚፈልጉት እኩልታቸው እንዲፈታላቸው ነው፤ ስለ ቢልድ ሲስተም ለማወቅ ጊዜውም ፍላጎቱም የላቸውም። ተርሚናላቸው ላይ ቀይ ጽሑፍ ሲመጣ ቀድመው የሚጠረጥሩት የራሳቸውን ችሎታ ነው፣ ብዙዎቹም እዚያው ይተዉታል። ያለ ፎርትራን መሥራት የሚችል ላይብረሪ ፎርትራን የለም ተብሎ ሲጣል ማየት በጣም ያሳዝነኛል።

ከመልእክቱ ልጀምር። ሲሜክ ኮምፓይለሩን ሲያጣ ስህተቱ የተነሣበትን ፋይል፣ የመስመሩን ቁጥርና ትዕዛዙን ይጠቅስና የፎርትራን ኮምፓይለር ሊገኝ አልቻለም ይላል። ቀጥሎም ኤፍሲ በሚባለው የኤንቫይሮመንት ቫሪያብል (ከተርሚናሉ የሚወረስ ቅንብር) ወይም በካሽ (ሲሜክ ያገኛቸውን መልሶች በቢልድ ፎልደሩ በሚያስቀምጥበት ፋይል) ውስጥ የኮምፓይለሩን ሙሉ አድራሻ ስጡኝ ብሎ ይመክራል። ይህ ጥሩ መልእክት ነው። ምን እንደጎደለ ይናገራል፣ ማን እንደጠየቀው ይናገራል፣ መውጫም ያሳያል። ብዙ መሣሪያዎች ከሦስቱ አንዱን እንኳ አያሟሉም።

የማይናገረው ግን ዋናውን ነው፦ ያ ኮምፓይለር በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ? ይህን ሲሜክ ሊያውቅ አይችልም፤ የሚያውቀው ፋይሉን የጻፈው ሰው ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣባችሁ ኮምፓይለር ለመጫን ከመሮጣችሁ በፊት የተጠቀሰውን መስመር ክፈቱና አንብቡ። መስመሩ «ፕሮጀክት» የሚለው ትዕዛዝ ከሆነ፣ በቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ ፎርትራን ተጽፎ ታገኙታላችሁ። እዚያ የተጻፈ ቋንቋ ሁሉ ግዴታ ነው። ጸሐፊው አንድ የሙከራ ፕሮግራም ብቻ በፎርትራን ስላለው ያስገባው ሊሆን ይችላል፤ ሲሜክ ግን ያንን ከዋናው ኮድ አይለይም።

እዚህ ላይ ጀማሪን ሁሉ የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። «ፕሮጀክት» በሚለው ትዕዛዝ ውስጥ ቋንቋ ካልተጠቀሰ ሲሜክ ሲንና ሲ ፕላስ ፕላስን በራሱ ይጨምራል። በንጹሕ ሲ የተጻፈ፣ አንዲት የሲ ፕላስ ፕላስ መስመር የሌላት ፕሮግራም፣ የሲ ኮምፓይለር ብቻ ባለበት ትንሽ ኮንቴይነር (ለብቻው በታሸገ ሥርዓት) ውስጥ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር የለም ተብላ የምትወድቀው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከፕሮጀክቱ ስም ቀጥሎ «ሲ» ብሎ መጻፍ። ምንም ኮምፓይለር የማይፈልግ ፕሮጀክት ከሆነ ደግሞ «ነን» የሚለው ቃል አለ።

መስመሩን አንብባችሁ ኮምፓይለሩ በእውነት ያስፈልገናል ካላችሁ፣ አለ ወይም የለም የሚለውን በራሳችሁ አረጋግጡ። ተርሚናል ላይ የተለመደውን የፎርትራን ኮምፓይለር ጂፎርትራንን ጠርታችሁ ስሪቱን ጠይቁት። ካልመለሰ የለም። የላይብረሪዎች ፎልደር ውስጥ ሊብጂፎርትራን የሚባል ፋይል በማየት አለ ብሎ መደምደም አይገባም፤ ያ በፎርትራን የተጻፉ ፕሮግራሞችን ለማስኬድ የሚያገለግለው ክፍል እንጂ ኮምፓይለሩ አይደለም። ሁለቱ በተለያየ ጥቅል ነው የሚመጡት፣ ከሌላ ሶፍትዌር ጋር ተከትሎ የሚገባውም የመጀመሪያው ነው። የሲ ኮምፓይለሩ ጂሲሲ መኖሩም ዋስትና አይሆንም። በዴቢያንና በኡቡንቱ ጂፎርትራን ለብቻው የሚጫን ጥቅል ነው፤ በፌዶራ ስሙ ጂሲሲ-ጂፎርትራን ነው፤ ማክ ላይ ከአፕል የሚመጣው ክላንግ ፎርትራን ስለማያውቅ በሆምብሩ (የጥቅል መጫኛ) የጂሲሲን ጥቅል መጫን ያስፈልጋል፣ ጂፎርትራን በውስጡ አለ። የኤልኤልቪኤም ፕሮጀክት የሚያወጣውን የፎርትራን ኮምፓይለር የመረጠ ሰው ደግሞ ስሙን ያስተውል፦ እስከ ስሪት 19 ፍላንግ-ኒው ነበር የሚባለው፣ በ2025 ከወጣው ስሪት 20 ጀምሮ ፍላንግ ብቻ ሆኗል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልግባ። በሲሜክ ውስጥ አንድን ቋንቋ ከጊዜ በኋላ ለማስገባት «ኢኔብል ላንጉዌጅ» የሚባል ትዕዛዝ አለ። ይህ ትዕዛዝ «ኦፕሽናል» የሚል ቃል ይቀበላል። ማንም ጤናማ አንባቢ፣ ይህ ቃል ከተጨመረ ኮምፓይለሩ ሲጠፋ ሲሜክ አይቆምም ብሎ ይረዳል። እውነቱ ግን ቃሉ ምንም አያደርግም። መመሪያው ራሱ፣ ለወደፊት የተያዘ ቦታ ነው፣ ለጊዜው ውጤት የለውም፣ በምትኩ «ቼክ ላንጉዌጅ» የሚባለውን ሞጁል ተጠቀሙ ይላል። በግልጽ መጻፉን አከብራለሁ። ነገር ግን መመሪያ የሚነበበው ሲቸግር ነው፤ ኮድ የሚጻፈው ቃሉን በማመን ነው። የጸሐፊው ማሽን ፎርትራን ስላለው ሁሉም ነገር ይሳካለታል፣ መስመሩም ለዓመታት ትክክል መስሎ ይቀመጣል። የሚወድቀው ሌላ ማሽን ላይ፣ ሌላ ሰው ፊት ነው። ቃሉ ወይ ይሥራ፣ ወይ ማስጠንቀቂያ ያውጣ፤ ዝም ብሎ መቀበሉ የሚያምኑትን ሰዎች ይጎዳል።

«ቼክ ላንጉዌጅ» ግን ምስጋና የሚገባው ሞጁል ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ያንን ቋንቋ ብቻ የሚጠይቅ ትንሽ የሙከራ ፕሮጀክት ለብቻው ይፈጥርና ኮንፊገር ያደርገዋል (ለግንባታ ያዘጋጀዋል)። ከተሳካ የኮምፓይለሩን አድራሻ ይመዘግባል፤ ካልተሳካ «ኖትፋውንድ» ብሎ ይመዘግባል፣ ዋናው ፕሮጀክት ሳይነካ ሥራው ይቀጥላል። እናንተም በዚያ መዝገብ ላይ «ኢፍ» ጽፋችሁ፣ ካለ «ኢኔብል ላንጉዌጅ» ትጠራላችሁ፣ ከሌለ ምትኩን ኮድ ታስገባላችሁ። ሞጁሉን ስትጠቀሙ አንድ ደንብ አትርሱ፦ «ኢኔብል ላንጉዌጅ» በፋንክሽን ውስጥ መጠራት የለበትም፣ ቋንቋውን የሚጠቀሙ ታርጌቶች (የሚገነቡ ፕሮግራሞችና ላይብረሪዎች) ሁሉ የሚጋሩት የላይኛው ፎልደር ውስጥ መጠራት አለበት። ንጽሕናን የሚወድ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ፋንክሽን ጠቅልሎ ማስቀመጥ ያምረዋል፤ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ምንም መልእክት የማያወጣው ነው። ፎርትራን አልገባም እንበል፤ ነገር ግን በላይብረሪው የፋይሎች ዝርዝር ውስጥ የፎርትራን ፋይሎቹ እንዳሉ ናቸው። ሲሜክ አያጉረመርምም። የገባ ቋንቋ ስለሌላቸው እንደ ማንኛውም የማይጠናቀር ፋይል ቆጥሯቸው ያልፋል። ኮንፊገሩ በሰላም ያልቃል፣ ሲ ፕላስ ፕላሱ ይጠናቀራል፣ መጨረሻ ላይ የተጠናቀሩትን ክፍሎች የሚያጣምረው ሊንከር ሲምቦል (የሚጠራ የኮድ ክፍል ስም) አጣሁ ብሎ ይወድቃል። በዚያ ሰዓት ስህተቱ ከኮምፓይለር መጥፋት ጋር ያለው ዝምድና ጨርሶ አይታይም። ሰዉ የላይብረሪ አድራሻ ይፈልጋል፣ የሊንክ ቅደም ተከተል ይቀያይራል፣ ሙሉ ቀን ይሄዳል።

መለያ ምልክት አለው። ጂፎርትራን የሰብሩቲንን (የንዑስ ፕሮግራምን) ስም በትንንሽ ፊደላት አድርጎ መጨረሻው ላይ አንድ የግርጌ ሰረዝ ይጨምራል። ሊንከሩ አጣሁ የሚለው ስም በግርጌ ሰረዝ የሚያልቅ ከሆነ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ያልተጠናቀረ የፎርትራን ፋይል ነው። ላፓክን ወይም ብላስን (የታወቁ የስሌት ላይብረሪዎችን) አለመሊንክም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል፤ ስለዚህ ስሙ የማን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል፦ የራሳችን ሰብሩቲን ከሆነ ፋይሉ ተዘሏል፣ የላፓክ ከሆነ ላይብረሪው ጎድሏል። ታርጌቱ ውስጥ ያሉት ፋይሎች በሙሉ ፎርትራን ሲሆኑ ግን ሲሜክ የሊንከሩን ቋንቋ መወሰን አልቻልኩም ብሎ ቀድሞ ይቆማል። ያ የተሻለ ነው፤ የተቀላቀለው ነው አደገኛው። ደራሲ ከሆናችሁ የፎርትራን ፋይሎቹን ከዋናው ዝርዝር አውጡና ቋንቋው መግባቱ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ጨምሯቸው።

ካሹም የራሱ ጣጣ አለው። «ቼክ ላንጉዌጅ» አንድ ጊዜ «ኖትፋውንድ» ብሎ ከመዘገበ፣ ተጠቃሚው ጂፎርትራንን ጭኖ ሲሜክን በዚያው ፎልደር ደግሞ ቢያስኬደው እንደገና አይፈልግም፤ የድሮውን መልስ ይዞ ይቀጥላል። ስሙን መጥቀስ በማልፈልገው አንድ የሳይንስ ላይብረሪ የመጫኛ ገጽ ላይ «ጂፎርትራን ጫኑና ትዕዛዙን ድገሙት» ተብሎ ተጽፎ አንብቤአለሁ፤ በዚያ ምክር የሄደ ሰው በትክክል ጭኖም እንዳልጫነ ይነገረዋል። ኤፍሲም ቢሆን የሚነበበው ፎልደሩ መጀመሪያ ኮንፊገር ሲደረግ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢቀይሩት አይሰማም። ከስሪት 3.24 ጀምሮ «ፍሬሽ» የሚባል አማራጭ መጥቷል፣ ካሹን ጥሎ ከአዲስ ይጀምራል። ከዚያ በፊት ያለ ስሪት ያለው ሰው የቢልድ ፎልደሩን ሙሉ በሙሉ ያጥፋ። ምንጭ ኮዱ ሌላ ቦታ ስለሆነ የሚጠፋ ነገር የለም።

የሙከራዎቹ መዝገብ (ሎግ) ግን የሚያስመሰግን ነው። ከስሪት 3.26 ጀምሮ የኮንፊገር ሙከራዎች ሁሉ፣ ምን ትዕዛዝ እንደተሰጠና ኮምፓይለሩ ምን እንደመለሰ፣ በሲሜክፋይልስ ፎልደር ውስጥ በአንድ የያምል ፋይል ይሰበሰባሉ። ቀድሞ በሁለት ፋይሎች ተከፍለው ነበር፣ አንዱ ለተሳካው፣ አንዱ ለወደቀው። ይህ መዝገብ ዋጋው የሚታወቀው ኮምፓይለሩ ጠፍቶ ሳይሆን ኖሮ መሥራት ሲያቅተው ነው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ፤ «ቼክ ላንጉዌጅ» ግን ሁለቱንም «ኖትፋውንድ» ነው የሚላቸው።

በኤንቪዲያ ጂፒዩ (የግራፊክስ ፕሮሰሰር) ላይ የሚሠራ ኮድ የሚጻፍበት ኩዳ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ሲሜክ ኩዳን እንደ ቋንቋ መቀበል የጀመረው በ2017 በወጣው ስሪት 3.8 ነው፣ ለጂፒዩ ኮድ ትልቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን የኩዳው ኮምፓይለር ኤንቪሲሲ ብቻውን አይሠራም፤ ሥር ሆኖ የሚያግዘው የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር ይፈልጋል፣ እያንዳንዱ የኩዳ ስሪት የሚቀበለው የጂሲሲ ስሪትም ጣሪያ አለው። ጂሲሲ ከዚያ ጣሪያ በላይ ከሆነ ኤንቪሲሲ ይህን ስሪት አልደግፍም ብሎ ይወድቃል። ማሽኑ ላይ ኤንቪሲሲ አለ፣ ጂፒዩውም አለ፤ ሙከራው ግን ስለወደቀ ሲሜክ ኩዳ አልተገኘም ይልና በሲፒዩ ብቻ የሚሠራውን ይገነባል። ተጠቃሚው ጂፒዩ ላይ እየሠራ ይመስለዋል። ውጤቱ ትክክል ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም፤ የሚባክነው ጊዜና ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ፈውሱ የቆየውን ጂሲሲ ከአዲሱ ጎን ጭኖ በኩዳ ሆስት ኮምፓይለር ቫሪያብል ለኤንቪሲሲ ማሳየት ነው። እዚያ ለመድረስ ግን መዝገቡን መክፈት ያስፈልጋል፣ መዝገቡን ለመክፈት ደግሞ አንድ ነገር እንደጎደለ የነገረን መኖር አለበት። ሌላው የተለመደ ምክንያት ቀላል ነው፦ ኩዳ የሚጫንበት ፎልደር ፓዝ (ፕሮግራሞች የሚፈለጉባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ውስጥ አልገባም። ለዚያ ኩዳሲኤክስኤክስ የሚባለውን የኤንቫይሮመንት ቫሪያብል በኤንቪሲሲ ሙሉ አድራሻ መሙላት ይበቃል።

ሌላውን ቢልድ ሲስተም ሜሰንን ሳላነጻጽር ባልፍ ፍርዴ ጎዶሎ ይሆናል። በሜሰን «አድ ላንጉዌጅስ» ለሚለው ፋንክሽን «ሪኳየርድ» የሚለውን ሐሰት ብታደርጉት ኮምፓይለሩ ሲጠፋ ሐሰት ይመልሳል፣ ሲኖር እውነት ይመልሳል። አለቀ። የተለየ ሞጁል የለም፣ የማይሠራ ቃልም የለም። ከስሪት 0.47 ወዲህ ደግሞ «ፊቸር» የሚባል የአማራጭ ዓይነት አለው፤ ሦስት መልስ ይይዛል፦ በርቷል፣ ጠፍቷል፣ አውቶ። አውቶ ማለት ካገኘህ ተጠቀም፣ ካጣህ እለፍ ማለት ነው። በርቷል ከተባለ ግን ኮምፓይለሩ ሲጠፋ ቢልዱ ይቆማል። የስርጭት ጥቅሎችን የሚያዘጋጁ ሰዎች አውቶ የሆኑትን ሁሉ በአንድ ትዕዛዝ ወደ በርቷል መለወጥ ይችላሉ፤ ሳያውቁት የጎደለ ጥቅል እንዳያወጡ ይጠብቃቸዋል። በዚህ ጉዳይ ሜሰን ሲሜክን በግልጽ ይበልጣል። አውቶም ቢሆን ደራሲው በመጨረሻ ማጠቃለያ ካላሳተመ በዝምታ ማለፉ አይቀርም፤ ግን ቢያንስ ማጠቃለያ ማውጫ ፋንክሽን አብሮት ይመጣል።

ታዲያ ለምን አልቀየርኩም? የእኔን ላይብረሪ የሚጠቀሙት ፕሮጀክቶች በሙሉ በሲሜክ ነው የሚያገኙት፤ የእኔ መቀየር የእነሱን ሥራ ያበላሻል። ስለዚህ የሜሰንን ሦስት መልስ በሲሜክ ውስጥ በእጄ ሠራሁት። ሦስት ዋጋ የሚቀበል የካሽ ቫሪያብል አለ። ጠፍቷል ከሆነ ፎርትራንን ጨርሶ አንፈልግም። አውቶ ከሆነ «ቼክ ላንጉዌጅ» ይጠራል፣ ውጤቱ በኮንፊገሩ መጨረሻ ለብቻው በአንድ መስመር ይታተማል፦ «የፎርትራን ክፍል አልገባም፤ በዘገምተኛው ምትክ ይሠራል፤ መልሱ አይለወጥም።» በርቷል ከሆነና ኮምፓይለሩ ከጠፋ ቢልዱ ይቆማል፣ መልእክቱም ምን እንደሚጫን፣ መዝገቡ የት እንዳለና ያለ ፎርትራን ለመቀጠል የትኛው አማራጭ እንደሚቀየር ይናገራል። «መልሱ አይለወጥም» የሚለውን ሐረግ በተለይ አጥብቄ ያስገባሁት ነው። ኮምፓይለር ጎደለህ የተባለ ተማሪ መጀመሪያ የሚፈራው ውጤቱ ይሳሳት ይሆን ብሎ ነውና።

አዲስ ፕሮጀክት የሚጀምርና በሲሜክ ዓለም ላይ ያልተደገፈ ሰው ቢጠይቀኝ፣ በተለይ ሲንና ፎርትራንን የሚቀላቅል ከሆነ፣ ሜሰንን እመክረዋለሁ። ሲሜክ ውስጥ ላለ ሰው ደግሞ የምለው፦ ዝቅተኛውን ስሪት ቢያንስ 3.26 አድርጉ፣ «ኦፕሽናል» የሚለውን ቃል ከኮዳችሁ ፈልጋችሁ አውጡ፣ «ቼክ ላንጉዌጅ»ን ከላይኛው ፋይል ጥሩ። ከዚያም በአውቶማቲክ ሙከራችሁ ውስጥ ጂፎርትራን ያልተጫነበት ኮንቴይነር አንድ ጨምሩ፣ አውቶ በሚለው ሲገነባ እንዲያልፍ፣ በርቷል ሲባል ደግሞ እንዲወድቅ አድርጋችሁ።